«ፈርቶ አልመጣም»፦ ምክንያትን ስለ መካድ፣ ከእንግሊዝኛው ክፍል እስከ አራዳ ችሎት

አንድ ሰው ቀጠሮ አለው እንበል። ቦታው ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ ምኒልክ ሐውልት ሥር ነው። ስለዚህ ሰው በአማርኛ አራት ነገር ማለት እንችላለን። የመጣው ፈርቶ ነው። የመጣው ፈርቶ አይደለም። ያልመጣው ፈርቶ ነው። ያልመጣው ፈርቶ አይደለም። አራቱ አራት ታሪክ ናቸው። በሁለቱ ሰውዬው ሐውልቱ ሥር ቆሟል፤ በሁለቱ የለም። በሁለቱ ፈሪ ነው፤ በሁለቱ አይደለም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን «ሂ ዲድንት ከም ቢኮዝ ሂ ወዝ አፍሬድ» ብሎ ሲጽፍ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በአንድ ከረጢት ከትቶ ያቀብለናል። ታዲያ ሰውዬው መጥቷል ወይስ ቀርቷል? ከጽሑፉ ብቻ አይታወቅም። «ኖት» የምትለው አፍራሽ ቃል ከግሱ ጋር ተጣብቃ ትቀመጥ እንጂ የምታፈርሰው ግሱን ይሁን ምክንያቱን አትናገርም። መምጣቱን ካፈረሰች ሰውዬው በፍርሃት ቀርቷል። ምክንያቱን ካፈረሰች ደግሞ መጥቷል፤ ያመጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ስል እንግሊዞች እርስ በርስ አይግባቡም ማለቴ አይደለም። መንገድ አላቸው። ሲናገሩ ድምፃቸው ይለያል፦ መቅረቱን ሲያወሩ ግሱ ላይ ድምፃቸውን አውርደው ዐረፍ ይሉና ምክንያቱን እንደ ሌላ ወሬ ይቀጥላሉ። ምክንያቱን ሲክዱ ግን ሳያርፉ ይሄዱና መጨረሻዋ ቃል ላይ ድምፁ ወርዶ መልሶ ይነሣል፤ ሰሚው «እሺ፣ ታዲያ በምን ምክንያት መጣ?» እያለ እንዲጠብቅ። ሲጽፉ ደግሞ ለመቅረቱ ከ«ቢኮዝ» በፊት ነጠላ ሰረዝ ያስገባሉ፤ ወይም ምክንያቱን ወደ ፊት ያመጡታል። ምክንያቱን ለመካድ «ኖት ቢኮዝ» ብለው ሁለቱን ቃላት ያጎራብቱና «በት ቢኮዝ» ብለው እውነተኛውን ያስከትላሉ። ኬኔዲ መስከረም 2 ቀን 1955 ዓ.ም. በሂዩስተን ስለ ጨረቃ ጉዞ ሲናገር የተጠቀመበት ስልት ይኸው ነው፤ ሐሳቡ የምንሄደው ቀላል ስለሆነ ሳይሆን ከባድ ስለሆነ ነው የሚል ነበር። ንግግሩ እስካሁን የሚታወሰው የተጣለው ምክንያትና የተያዘው ምክንያት ጎን ለጎን ቆመው ስለሚታዩ ይመስለኛል። ሌላም አላቸው፤ «ጀስት ቢኮዝ» ብለው ጀምረው «ማለት አይደለም» በሚል ይዘጋሉ። ይህኛው ለኛ ባዕድ አይደለም። «ስለመጣ ብቻ ፈራ ማለት አይደለም» ማንም ሰው በየቀኑ የሚለው ነው።

ችግሩ የሚመጣው ድምፅ በሌለበት፣ ሰረዝም በተረሳበት፣ ወረቀት ላይ ነው። እኛ ደግሞ እንግሊዝኛን የተማርነው ከወረቀት ነው።

ወደ ኋላ ሄደን እንየው። እንግሊዝኛ እዚህ ከተማ ከመግባቱ በፊት የተማረ የሚባለው ሰው የግዕዝ ሰው ነበር፤ ግዕዝ ደግሞ በዚህ ነገር ላይ የማያሻማ ቋንቋ ነው። ሁለት ማፍረሻ አለው። ግስ ሲያፈርስ «ኢ» ን ከፊት ይለጥፋል፤ «ኢመጽአ» አልመጣም ነው። ስም፣ ሐረግ ወይም ምክንያት ሲያፈርስ ግን «አኮ» ይላል። «አኮ በእንተ ፍርሀት ዘመጽአ አላ በእንተ ፍቅር» ቢል፣ የመጣው ስለ ፍርሃት አይደለም፣ ስለ ፍቅር ነው እንጂ ማለቱ ነው። «አኮ» ን ሰምቶ «አላ» ን የማይጠብቅ የቅኔ ተማሪ የለም። መምህሩ ጥቅሱን ተርጉሞ «አንድም» እያለ ሌላ ትርጉም ሲደርብ፣ ተማሪው የትኛው ቃል በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ መከታተል ግድ ይሆንበታል። አማርኛችን ይህን ክፍፍል ወርሶታል ማለት ይቻላል። «አል…ም» የግሱ ነው፤ «አይደለም» የቀረው ሁሉ ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንዲት «ኖት» ብቻ አለችው።

አውሮፓዊ ቋንቋ በመደበኛ ትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው በ1908 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጣልያንኛ ይሰጥ ነበር። እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ግን የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። የባቡሩ ቋንቋ ነበር፤ የዲፕሎማቱም። እንግሊዝኛ ዙፋኑን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲጀመር ከቅኔና ከአማርኛ በቀር ሳይንሱም ፍልስፍናውም በእንግሊዝኛ ሆነ። (የሚያስቀው፣ ያንን ኮሌጅ ያቋቋሙት ኢየሱሳውያን ከኩቤክ የመጡ፣ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ ካናዳውያን መሆናቸው ነው። እንግሊዝኛውን እነሱም ተምረው ነው ያስተማሩን።)

ከዚያ ወዲህ አማርኛ ውስጥ አንድ ልማድ ሥር ሰደደ። «ኖት» እና «ቢኮዝ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ተርጓሚው እጁ እንደለመደው «አል…ም፣ ምክንያቱም» ብሎ ይጽፋል። ለምሳሌ በእንግሊዝኛ «ሀገር ወርቅ ስላላት ብቻ አትበለጽግም» የሚል ሐሳብ ያለው ዐረፍተ ነገር ይቀርብለት። «ብቻ» የምትለዋ ቃል በእንግሊዝኛው ላይ የለችም እንበል፤ ብዙ ጊዜም አትኖርም። በለመደው መንገድ ከሄደ «ሀገር አትበለጽግም፣ ምክንያቱም ወርቅ አላት» ይሆናል። ወርቅ ድህነት ያመጣል ማለት ነው! ይህ ቀልድ ይመስላል እንጂ በየዓመቱ በኢኮኖሚክስም በታሪክም የምንገለብጠው ማስታወሻ ውስጥ ቢፈለግ አይጠፋም። «ምክንያቱም» ጥሩ ቃል ናት፤ አልጠላትም። ግን ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ትቆርጠዋለች። የፊተኛው ግስ ተክዶ ያልቃል፤ ምክንያቱ ብቻውን፣ ሳይነካ፣ እንደ እውነት ይቆማል። ስለዚህ ተርጓሚው ሳያውቀው መርጧል ማለት ነው። ደራሲው የካደውን ምክንያት እሱ አጽድቆለታል።

አማርኛ ንጹሕ ነው፣ እንግሊዝኛ ድፍርስ ነው ለማለት የቸኮለ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። የዚህን ጽሑፍ ርእስ ተመልከቱት። «ፈርቶ አልመጣም» ያልነው እኛው ነን። እንዲሁ ሲሰሙት ሰውዬው በፍርሃት ቀርቷል። «ሊጠይቀን መጣ እንጂ ፈርቶ አልመጣም» ሲባል ግን መጥቷል፤ ያውም ሳይፈራ። «አፍሮ አልመጣም» ቀርቷል። «ገንዘብ ፈልጎ አልመጣም» ግን እነሆ እፊታችን ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው። ሰዋስዉ አንድ ነው፤ የሚለየው የነገሩ ጠባይ ነው። ፍርሃትና ሐፍረት ሰውን ያስቀራሉ፤ ገንዘብ መፈለግ ያስመጣል። እኛ ይህን በልባችን አስልተን እንሰማለን እንጂ ከቃሉ አናገኘውም። ልዩነቱ ያለው ሲጨንቀን ነው። ሲጨንቀን አማርኛ መውጫ በር አለው፦ ግሱን «የመጣው» ወይም «ያልመጣው» ብለን ዘግተን «ነው» ወይም «አይደለም» እናስከትላለን። ጽሑፍ «ያልመጣው ፈርቶ ነው» ይላል፤ አፍ ደግሞ ገልብጦ «ፈርቶ ነው ያልመጣው» ይላል። ይህ በር ለእንግሊዞችም አላቸው፤ ግን ከባድና የመጽሐፍ ጠረን ያለው ስለሆነ ብዙም አይገቡበትም። እኛ ግን ከአልጋ ሳንነሣ እንጠቀምበታለን።

በሩ ዋጋ አለው። ይህንን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ችሎት የለመደ ሰው ነው። «ጠልቼ አልመታሁትም» እና «የመታሁት ጠልቼው አይደለም» በጆሮ ወንድማማቾች ይመስላሉ። የመጀመሪያውን የተናገረ ተከሳሽ ገና መምታቱን አላመነም፤ ነገ «መቼ መታሁት አልኩ?» ሊል ይችላል። ሁለተኛውን የተናገረ ግን አልቆለታል። «የመታሁት» ባለ ጊዜ ድርጊቱን አስረክቧል፤ የቀረው ክርክር በምክንያቱ ላይ ነው። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት እንዲህ ያለ ቃል ያመለጠው ሰው ተቀናቃኙ ወዲያው «አመነልኝ!» ብሎ ዳኛውንም ታዛቢውንም ያስመሰክርበት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። በዛሬው ችሎትም «ድርጊቱን አልፈጸምኩም፤ ጥፋተኛም አይደለሁም» የሚለው አነጋገር ሁለቱን ክህደት ለይቶ የሚያስቀምጠው በከንቱ አይደለም። በሌላ በኩል ምክንያትን መካድም ትርፍ አለው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከጥላቻ፣ ከስስት ወይም ከመሳሰለው ወራዳ ምክንያት ተነሥቶ ያጠፋን ሰው ቅጣቱ እንዲከብድበት አድርጎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የተተካው የወንጀል ሕግም ሐሳቡን አልተወውም። ስለዚህ አንዳንዱ ተከሳሽ ድርጊቱን ሰጥቶ ምክንያቱን ቢክድ ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ አፉን ቢይዝ።

ይህን ሥራ ስንት ዘመን ያለ ደመወዝ ያስተማሩት ራፖር ጸሐፊዎች ናቸው። በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ጥላቸውን ተክለው፣ ወረቀታቸውን በድንጋይ ጭነው የሚቀመጡት። ስማቸውን ከፈረንሳይኛ ወረሱ፤ ቋንቋቸው ግን የሀገር ቤት ነው። ባለጉዳዩ እያለቀሰ የዘረገፈውን ሰምተው «ግብሩን በወቅቱ ያልከፈልኩት በእምቢተኝነት ሳይሆን በሕመም ምክንያት ስለሆነ» ብለው ይጽፋሉ። እዚያች «ሳይሆን» ውስጥ ያለውን ብልሃት ልብ በሉ። አልከፈልኩም የሚለው ታምኗል፤ መካድ አይጠቅምማ። ቢሮው ሊል የሚችለው «እምቢተኛ» የሚለው ክስ፣ ቢሮው ሳይናገረው ተነሥቶ ተጥሏል። ከዚያ ሕመሙ ይመጣል።

የተካደ ምክንያት ሁልጊዜ የአንድ ሰው ድምፅ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ማንም ያላለውን ምክንያት ማንም አይክድም። «የመጣሁት ዝሆን ስለበረረ አይደለም» የሚል የለም። «ፈርቶ አይደለም» ካልኩ አንድ ሰው ፈርቶ ነው ብሏል፤ ወይም ሊል ነው፤ ወይም እንዳይል ፈርቻለሁ። ታሪክ ስናነብ ይህ ነገር ከሰዋስው አልፎ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ምሳሌውን ደግሞ ከፒያሳ ሳንወጣ እናገኘዋለን።

የከተማው ትልቁ ገበያ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማውን በያዘ ጊዜ ገበያውን አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሰፈር ወሰደው፤ አራዳውም ፒያሳ ተባለ። ሁለቱም ስሞች የእነሱ ናቸው፤ አንዱ ገበያ፣ አንዱ አደባባይ ማለት ነው። ገበያው ለምን ተነሣ? ጠቦ፣ ቆሽሾ፣ ሥርዓት አጥቶ ነው የሚል መልስ ቀላል ነው፤ የትም ሀገር የቅኝ ገዢ ፕላን አውጪ ጽዳትን ሲጠራ ኖሯል። ግን የፕላኑ አጥንት ሌላ ነበር። ነጩ በአንድ ወገን፣ «ኢንዲጄኖ» ያሉት የሀገሩ ሰው በሌላ ወገን እንዲኖር፣ እንዲነግድም ነበር የታሰበው። ስለዚህ «ገበያው ከአራዳ የተነሣው ስለጠበበ አይደለም» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ስጽፍ መነሣቱን አምኛለሁ፤ የምሟገተው ከፕላን አውጪው ጋር ነው። ይህንኑ በእንግሊዝኛ፣ ሰረዝ ሳላስተካክል «ኖት» ን ግሱ ላይ ለጥፌ ብጽፈው፣ አንድ የባሕር ማዶ አንባቢ ገበያው ጠባብ ስለነበረ ሳይነሣ ቀረ ብሎ ሊረዳኝ ይችላል። ታሪኩ በሙሉ ይገለበጣል።

ጉደኛው ነገር የገዢዎቹ ቋንቋ፣ ጣልያንኛው፣ ለዚህ ልዩ መሣሪያ ያለው መሆኑ ነው። ጣልያን «ኖን ፔርኬ» ብሎ ምክንያት ሲጥል የተጣለውን ግስ «ኮንጁንቲቮ» በሚሉት መልክ ያረባዋል፤ ያልተረጋገጠ፣ የሐሳብ፣ የሰው አፍ ነገር መሆኑ ከግሱ እርባታ ይታያል። ቀጥሎ «ማ ፔርኬ» ብሎ የሚያመጣው እውነተኛው ምክንያት ግን የተለመደውን እርባታ ይለብሳል። ይህን የወረሱት ከላቲን ነው። ውሸተኛውንና እውነተኛውን ምክንያት ልብሳቸውን ለይቶ የሚያለብስ ቋንቋ ነው። ቋንቋው ለይቶ ማልበሱ ተናጋሪውን እውነተኛ እንደማያደርገው ደግሞ አራዳ አምስት ዓመት አይታለች።

ጣልያንኛና አማርኛ ከተነሡ ውጫሌን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ የአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ሊረዱ እንደሚችሉ ሲል፣ የጣልያንኛው እንደ ግዴታ ተነበበ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምንሰማው «የአድዋ ጦርነት የተነሣው በአንድ ቃል ትርጉም ነው» የሚለው ነው። እኔ ደግሞ፣ በትርጉሙ ምክንያት አይደለም እላለሁ። ጦርነቱ ተነሥቷል፤ ያንን አልካድኩም። የጣልያን ጦር ውሉ ከተፈረመ ከጥቂት ወራት በኋላ አሥመራን ያዘ፤ በ1890 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብሎ ዐወጀ፤ በ1895 ደግሞ ትግራይ ገባ። ትርጉሙ ቢስተካከል ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር? ምኒልክ በ1893 እ.ኤ.አ. ውሉን ሲያፈርሱ የሚጣሉት ከቃል ጋር ሳይሆን ቃሉን ከተደገፈበት ፍላጎት ጋር ነበር። ቃሉ ሰበብ ነው። አማርኛ «ምክንያት» እና «ሰበብ» ን ለይቶ መያዙ ደግሞ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ሰበብ ማለት ተናጋሪው ያቀረበው፣ ሰሚው ግን ያልተቀበለው ምክንያት ነው።

ሌላም ትንሽ ምሳሌ ልጨምር። ምኒልክ ማገዶ ባለቀ ጊዜ ዋና ከተማቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማው አልተዛወረም፤ ቤተ መንግሥት ሊሆን የታሰበውም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ላለመዛወሩ ከሚጠቀሱት ዋናው ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። «ዋና ከተማው በባሕር ዛፍ ምክንያት አልተዛወረም» ብንል ማንም አይሳሳትም፤ ታሪኩን እናውቀዋለንና። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ግን ተዛውሯል፣ በባሕር ዛፍ ምክንያት ግን አይደለም ብሎ ቢረዳ ሰዋስዉ አይከለክለውም። «ያልተዛወረው በባሕር ዛፍ ምክንያት ነው» ብንለው ግን ያርፋል።

ከመጋቢት 1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛ በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን እያተመ ሲወጣ ኖሯል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሁለቱ ዓምዶች ሲጋጩ የአማርኛው ይጸናል ይላል። ሕግ ተማሪዎች ይህን እንደ ሥነ ሥርዓት ቀኖና አንብበው ያልፉታል። እኔ ግን አንዳንዴ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ «ኖት» እና «ቢኮዝ» ያሉበትን እየፈለግሁ ሁለቱን ዓምዶች አስተያያለሁ። አማርኛው «በ… ምክንያት ብቻ … አይሆንም» ብሎ «ብቻ» ን ሰክቶ ባገኘሁ ቁጥር፣ አንድ ስሙ ያልተጻፈ አርቃቂ እዚያ ቦታ ላይ እስክሪብቶውን አቁሞ «ምኑ ነው የሚካደው?» ብሎ እንደ ጠየቀ አስባለሁ።

በመጨረሻ ስለ አፍ ቋንቋችን። ከላይ የደረደርኩት ሁሉ «አይደለም» ምክንያትን ይክዳል የሚል ነው። አራዳ ላይ ግን ይህችው ቃል ጅራቷን ስትቆርጥ ተገልብጣ ታገኟታላችሁ። ጓደኛችሁ ቀጠሮ አፍርሶ በማግሥቱ ሐውልቱ አጠገብ ሲያገኛችሁ «ትራንስፖርት ጠፍቶ» ሊል ይጀምራል። «ፈርተህ አይደል?» ትሉታላችሁ። ቃሉ ክህደት ነው፤ የተባለው ግን «ፈርተህ ነው» ነው፤ ያውም ከ«ነው» የባሰ፣ መልስ የማያስተርፍ። «አይደል እንዴ!» ሲጨመርበትማ ምስክር ተቆጠረ ማለት ነው። እሱም የአራዳ ልጅ ከሆነ ምክንያቱን አይክድም። «መቼ ቀረሁ? መጥቼ ነበር፤ እናንተ ናችሁ የሌላችሁት» ይላል።